አንበሳ፥ ጅብና አዞ ስለሚወስዱትና ስለሚሰጡት ነገር



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ፥ ብዙዎች ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር እንድንናገር መክረውን ነበር። አርእስቶቹ መልካሞች መሆናቸውን አንክድም፤ ነገር ግን በዚሁ መድረክ ላይ ባለፉት ዓመታት ደጋግመው ስለ ተነገሩ፥ እኛ በተፈጥሮ ሳይንስ ክበባችን ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስላከራከረን ነገር ልንነግራችሁ ቆርጠን ተነሣን። ክርክሩን ያስነሣው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «አንበሳ፥ ነብር፥ ጅብና አዞ ከዚህ አገር ፈጽመው ቢጠፉ ምን ይጎድልብናል?» የሚል ነበር።

ጥያቄው የቀረበው በጋሞ ምድር መሆኑን አስቡልን። በጋሞኛ ቋንቋ አንበሳ «ጋሞ» ይባላል፤ ሕዝቡም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ከትምህርት ቤታችን ኮረብታ ላይ ቆመን ወደ ምሥራቅ ብንመለከት፥ ዓባያና ጫሞ ሁለቱ ሐይቆች፥ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጉብታ፥ ከዚያም ወዲያ የነጭ ሣር ሜዳ ይታየናል፤ አንበሳ የሚኖርበት አገር በዐይናችን ሥር ነው ማለት ነው። ዳሩ ግን የክበቡ ሊቀ መንበር «አንበሳ በዐይኑ ያየ እጁን ያውጣ» ባለ ጊዜ እጃቸውን ያወጡት ሁለት ተማሪዎች ብቻ ሆኑ፤ ከሁለቱም አንዱ ያየው አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በአንበሳ ግቢ ውስጥ፥ በብረት አጥር መካከል ተኝቶ ነው። ጅብን ግን ያላየ፥ ድምፁንም ያልሰማ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ እናቅርብ። ዛሬ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ፥ ሊቃውንቱ በጽሑፋቸው እንዳሰፈሯቸው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ማታ ድምፅ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ አራዊቱ ሁሉ በሞት በተቀጡ ነበር። ከጨንቻ ደጋ የመጣ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፥ «እናንተ ከመጽሐፍ ታወራላችሁ፤ እኔ ግን ከበረታችን እነግራችኋለሁ» ሲል ጀመረ። አባቱ አንዲት ጊደር ነበረቻቸው። ጊደሯ ስትወልድ ከቅቤዋ ገንዘብ ለእሱና ለታናሽ እኅቱ ደብተርና የደንብ ልብስ ሊገዛ ታስቦ ነበር። በክረምት አንድ ሌሊት፥ አጥሩ በዝናብ ላልቶ ስለ ነበር፥ ጅብ ገብቶ በላት። አባቱ ተበድረው እሱን ላኩት፤ እኅቱ ግን ያን ዓመት ከትምህርት ቀረች። «እንግዲህ የብዝኃ ሕይወትን ጥቅም ለእኅቴ አስረዱልኝ» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ደቂቃ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ብዝኃ ሕይወት ያለው፥ ሊቃውንት በአንድ ቦታ የሚኖሩትን የዕፀዋትና የእንስሳት ሁሉ፥ እስከ ትንሿ ተባይ ድረስ፥ ዓይነታቸውንና ብዛታቸውን፥ እርስ በርሳቸውም ያላቸውን መያያዝ የሚጠሩበትን ቃል ነው። ቃሉ ለጆሮ ከባድ ነው፤ ነገሩ ግን ለአባቶቻችን እንግዳ አይደለም። በዶርዜ የቀርከሃ ቤት ውስጥ ላም ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ታድራለች። ትንፋሿ ቤቱን ያሞቃል፥ ፍጓ ለእንሰቱ ማዳበሪያ ይሆናል፥ እሷም ከጅብ ትድናለች። እንሰቱ፥ ላሟ፥ ሰውና ጅብ በአንድ ሐሳብ ታስበው ቤቱ ተሠርቷል ማለት ነው። ያ ቤት ደግሞ ፊት ለፊቱ ሲታይ የዝሆን ራስ ይመስላል፤ ሽማግሌዎችም ቀድሞ በአገሩ ዝሆን ይኖር ነበር፥ ቤቱም የተቀዳው ከእሱ ነው ይላሉ። ዛሬ በዶርዜ ዝሆን የቀረው በቤቱ ቅርጽ ላይ ብቻ ነው።

ጓደኛችን ካሸነፈን በኋላ መምህራችን አንድ ወሬ ነገሩን፤ ክርክሩም እንደገና የተቀሰቀሰው በዚሁ ነው። ሮበርት ፔይን የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ምህዳር ሊቅ በ1963 በዋሽንግተን ጠቅላይ ግዛት በውቅያኖስ ዳር አንድ ፈተና ጀመሩ። የሥነ ምህዳር ሊቅ ማለት ሕያዋን ፍጥረታት ከሚኖሩበት ስፍራና እርስ በርሳቸው ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምር ሰው ነው። በዚያ የባሕር ዳር በድንጋዩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ብዙ ዓይነት ትናንሽ ፍጥረታት ነበሩ፤ እነዚህን የሚበላ የባሕር ኮከብ የሚባል አውሬም ነበረ። አውሬ ስንል አትሳቁ፤ አምስት ክንድ ያለው፥ ቀስ ብሎ የሚሳብ፥ ጥርስም ጥፍርም የሌለው ፍጥረት ነው፤ ሆኖም ለዛጎል ለባሾቹ ከአንበሳ የሚተናነስ አልነበረም። ፔይን በአንዱ በኩል ያለውን የባሕር ኮከብ ሁሉ እየነቀሉ ወደ ባሕር ወረወሩት፤ በሌላው በኩል ያለውን ግን እንደ ነበረ ተዉት።

እኛ አስቀድመን ብንጠየቅ፥ ጠላታቸው ስለ ተወገደላቸው ትናንሾቹ ሁሉ በሰላም ይበዛሉ ባልን ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ከትናንሾቹ መካከል አንደኛው፥ ጥቁር ዛጎል ያለው፥ ቀድሞ በባሕር ኮከቡ ይበላ የነበረው፥ በዛና ድንጋዩን ሁሉ ለብቻው ያዘው፤ ሌሎቹን መቆሚያ አሳጣቸው። በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሉት 15 ዓይነት የነበሩት ፍጥረታት ወደ 8 ወረዱ። የባሕር ኮከቡ ባለበት በኩል ግን ሁሉም እንደ ነበሩ ነበሩ። ነጣቂው የሚበላው ብዙውን፥ የሚበረታውን ስለ ሆነ፥ ለደካሞቹ ቦታ ያስለቅቅላቸው ነበር ማለት ነው። ፔይን በ1969 እንዲህ ላለው ፍጥረት ስም ሲያወጡለት የግንበኞችን ቃል ተዋሱ፤ በድንጋይ ቅስት አናት ላይ የሚገባውን፥ እሱ ከወጣ ቅስቱ የሚናደውን ድንጋይ።

የጨንቻው ጓደኛችን ግን አልተበገረም። «እኛ ባሕር የለንም» አለ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ወደ ቅርባችን፥ ወደ አፍሪቃ ተመለስን። በጋና አገር የዱር ጠባቂዎች ከ1968 እስከ 2004 ድረስ በስድስት ጥብቅ ሥፍራዎች እየዞሩ ያዩትን አውሬ ሁሉ በመዝገብ ሲጽፉ ኖረዋል። ጀስቲን ብራሼርስ የሚባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን መዝገብ ሲመረምሩ፥ አንበሳና ነብር እየጠፉ በሄዱባቸው ስፍራዎች ዝንጀሮ እየበዛ መሄዱን አገኙ። ዝንጀሮው የሚፈራው ሲያጣ ከዛፍና ከገደል ርቆ መዋል፥ በመንጋ ሆኖም ወደ እርሻ መውረድ ደፈረ። ገበሬዎቹም እርሻቸውን የሚጠብቅላቸው ሰው ስላስፈለጋቸው ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀሩ።

ይህ በተነበበ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ከወንበሩ በስተ ኋላ ያለች፥ በክርክሩ ሁሉ ዝም ብላ የሰነበተች አንዲት ጓደኛችን ሣቅ አለችና፥ «ጋና ድረስ ምን አስኬዳችሁ?» አለች። ቤተ ሰቦቿ ከከተማው ወጣ ብሎ የሙዝና የበቆሎ እርሻ አላቸው። በቆሎው እሸት በሚሆንበት ጊዜ እሷና ወንድሟ ተራ ገብተው ማማ ላይ ይውላሉ፤ እሷ ሰኞና ረቡዕ፥ ወንድሟ ማክሰኞና ሐሙስ። መምህራን የሚያውቁት ሰኞና ረቡዕ መቅረቷን ብቻ ነበር፤ ምክንያቱን የጠየቃት አልነበረም፥ እሷም አልተናገረችም። ዝንጀሮ ሴት ልጅ የምትጠብቀውን እርሻ እንደሚለይ፥ በወንጭፍ የተወረወረበትንም ድንጋይ ቆሞ እንደሚመለከት ነገረችን። ከዚያ በኋላ እጅ በእጅ ላይ ተነሣ፤ ዝንጀሮ ወይም ከርከሮ ሲጠብቅ ከትምህርት የቀረ ከክበባችን አባሎች ገሚሱ ያህል ሆነ።

እዚህ ላይ ከልክ ያለፈ ነገር መናገር አንፈልግም። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ዝንጀሮ እርሻ የሚገባው ነብር ስላለቀ ብቻ ነው አንልም፤ እርሻው ራሱ ወደ ዱሩ ገብቷል፥ ዱሩም ተመንጥሯል፥ ሙዝም ለዝንጀሮ ከዱር ፍሬ የበለጠ ይጣፍጠዋል። ሆኖም ነብር ባለበት ገደል ዝንጀሮ ተጠንቅቆ እንደሚውል እረኛ ሁሉ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ሳምንት የያዝነው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተን ነው፤ ስለ ጅብ ነውና፥ ተመራማሪውም ኢትዮጵያዊ ናቸውና። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋ ከውጭ አገርና ከአገራችን ሊቃውንት ጋር ሆነው በትግራይ ስለሚኖሩ ጅቦች ለብዙ ዓመታት መርምረዋል። በዚያ አገር ሚዳቋውና ድኩላው ስለ መነመነ ጅቡ የሚኖረው ከሰው ጋር ነው፤ ቀን በዋሻና በቁጥቋጦ ይተኛል፥ ሌሊት ከየመንደሩ የሚጣለውን አጥንትና በክት ይለቅማል፥ ሲያገኝም ከብት ይነጥቃል። ተመራማሪዎቹ ታዲያ አንድ ኢትዮጵያዊ ብቻ ሊያስበው የሚችል የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሉካንዳው ሲዘጋ፥ በየቤቱም በግና ዶሮ ሳይታረድ ሲቀር፥ ጅቡ ምን ይበላል?

መልሱን ያገኙት ጅቡ የጣለውን ዓይነ ምድር ከጾሙ በፊት፥ በጾሙ ወራትና ከፋሲካ በኋላ እየሰበሰቡ፥ በውስጡ ያለውን ጠጉር በማጉያ መሣሪያ በመመርመር ነው፤ ጠጉር በጅብ ሆድ ውስጥ አይፈጭምና። ሥራው ለአፍንጫ የሚመች እንዳልነበረ መገመት ይቻላል፤ ሳይንስ ሁልጊዜ ነጭ ካባ ለብሶ በመስተዋት ዕቃ መካከል የሚሠራ አይደለም። በ2012 በታተመው ጽሑፋቸው መሠረት የአህያ ጠጉር ከጾሙ በፊት በመቶ 15 ያህል የነበረው በጾሙ ወራት ወደ በመቶ 33 ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ወደ በመቶ 22 ወረደ። ሰው ሲጾም አህያ ተበላች ማለት ነው። ለጾመኛው ነገሩ አዲስ ነው፤ አህያ ላለው ገበሬ ግን ምናልባት አዲስ አይደለም።

በሁለተኛው ጥናት፥ ቺንማይ ሶናዋኔ ከግደይ ይርጋና ከኒል ካርተር ጋር በ2021 ባሳተሙት፥ በመቀሌ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት የሚያነሡት የሞተ ከብትና የሥጋ ጥራጊ ተቆጠረ፤ 207 ቶን ሆኖ ተገኘ። ይህ ሁሉ በየሜዳው ቢበሰብስ ኖሮ በአባ ሰንጋና በሳንባ ነቀርሳ በዓመት 5 ሰዎችና 140 ከብቶች፥ በጎችና ፍየሎች ይያዙ እንደ ነበር ገመቱ። የከተማው ማዘጋጃ ቤት ይህን ለማስጠረግ ስንት መኪና፥ ስንት ሠራተኛ፥ ስንት ነዳጅ ባስፈለገው! ጅቡ ግን ደመወዝ አይጠይቅም፥ ዓመት በዓል ቢሆን ከሥራው አይቀርም፤ እንዲያውም በዓል ሲሆን ይበረታል።

ይህን ስናነብ ለክርክራችን ሁነኛ ነገር ያገኘን መሰለን። ጅብ የሚወስደው ከአንድ ቤት ነው፤ የሚሰጠው ግን ለከተማው ሁሉ ተከፋፍሎ ነው። የጓደኛችን ጊደር ስትበላ ሐዘኑን የሚያውቀው አንድ ቤተ ሰብ ነው፤ ሐዘኑም ስም አለው፥ ቀን አለው፥ ዋጋም አለው። በአባ ሰንጋ ሳይያዝ የቀረው ሰው ግን መዳኑን ራሱ አያውቀውም፤ ስለዚህ ጅብን የሚያመሰግን አይገኝም። ይህን ለጓደኛችን ስንነግረው ጥቂት አሰበና፥ «እንግዲያስ ከተማው የጊደሯን ዋጋ ለአባቴ ይክፈላ!» አለን። ቀልድ መስሎን ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም፤ ስናስበው ከሦስቱ ሳምንት ንግግር ሁሉ የተሻለው ይኸው ነበር።

ከዚህ የተነሣ ስለ ነጭ ሣር ስንናገር በመጠንቀቅ ነው። የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ በ1974 የተመሠረተ ሲሆን ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህም አንዱ ክፍል የሐይቆቹ ውሃ ነው። ስሙን ያገኘው በበጋ ነጥቶ ከሚታየው ሣሩ ነው። በሜዳው የሜዳ አህያ በመንጋ ይሰማራል፤ አጋዘን፥ ከርከሮና ሚዳቋ አሉ፤ ከምንጮቹ ሥር ባለው ጥቅጥቅ ደን ጉሬዛና ዝንጀሮ ይኖራሉ። በ1990 አንድ የእንግሊዝ ተማሪዎች ጓድ ከዚሁ ሜዳ መንገድ ላይ የአንዲት የሌሊት ወራሪ ወፍ ክንፍ አንሥቶ ነበር፤ ሊቃውንትም ያን ክንፍ ቢመረምሩ ከሚያውቋቸው ወፎች ሁሉ የተለየ ስለ ሆነ በ1995 አዲስ ስም ሰጡት። ዓለም ወፊቱን ያወቃት በአንድ ክንፍ ብቻ ነው፤ በደጃችን ያለውን ገና ቆጥረን እንዳልጨረስን ይህ ይመሰክራል።

ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በ2012 ወደዚህ ወደ እኛ አገር መጥተው የነጭ ሣርን አንበሶችና ጅቦች ቆጥረዋል። አንበሳ ተሰልፎ ስለማይቆጠር በሌሊት በልዩ ልዩ ስፍራ መኪና አቁመው፥ የተያዘ ጥጃ ጩኸትና በሥጋ የሚጣሉ ጅቦች ድምፅ በድምፅ ማጉያ እያሰሙ፥ ጥሪውን ሰምቶ የሚመጣውን ይጠብቁ ነበር። ከሆነው ሁሉ ይህ እጅግ ያስገርመናል፤ በዚያን ሌሊት እኛ ወይም ታላላቆቻችን አልጋችን ላይ ተኝተን ሳለን፥ ከሐይቁ ማዶ በጨለማ ተቀምጠው አንበሳን በስሙ እንደሚጠራ ሰው ይጠሩ ነበር። ውጤቱም በ2014 ታተመ። የመጣው አንበሳ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከጅቡም ያነሰ።

ለምን አነሰ ቢባል አንበሳ ብቻውን አይጠፋም፤ ከሥሩ ያለው ሲጠፋ ነው የሚጠፋው። ሜዳው ላይ ከብት በበዛ ቁጥር ሣሩ ይጋጣል፤ ሣሩ በተጋጠበትም ቁጥቋጦ ይገባል፤ ነጭ ሣር የሚለውን ስም ያወጣው ሣር ዛሬ በብዙ ቦታ በቁጥቋጦ ተይዟል። ቆርኬ የሚባለው እንስሳ በ1970ዎቹ ከሰንቀሌ እየተጫነ መጥቶ በዚህ ሜዳ ተለቆ ነበር፤ ዘሩ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ቁጥሩ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ሄዶ በጣት እስከ መቆጠር ደረሰ። አንበሳ የዱር እንስሳ ሲያጣ ወደ ከብት ይዞራል፤ ከብት ሲነጥቅ ባለ ከብቱ ጦር ያነሣል ወይም በበክቱ ላይ መርዝ ይነሰንሳል፤ በመርዙም አንበሳው ብቻ ሳይሆን ጅቡና ጥንብ አንሣው አብረው ያልቃሉ።

እንግዲህ ባለ ከብቱን እንክሰሰውን? በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ ጉጂዎችና ኮሬዎች ፓርኩ ሳይመሠረት ጀምሮ ኖረዋል። በ2004 ሰዎቹን ከዚያ ለማስወጣት የተደረገው ነገር ብዙ እንባና ክርክር አስከትሏል፤ ፓርኩን ለማስተዳደር ከመንግሥት ጋር የተዋዋለው አፍሪካን ፓርክስ የተባለው የውጭ ድርጅትም በ2008 ትቶ ሄዷል። ከክበባችን ገሚሶቹ «ከብት ከፓርኩ ይውጣ» አሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ «ከብቱ ወጥቶ የት ይግባ?» አሉ። በዚህ ነገር አልተስማማንም፤ ተስማማን ብለን ብንናገር ውሸት ይሆናል። እኛን ይልቅ የሳበን በኬንያ በአምቦሴሊ አካባቢ ከ2007 ጀምሮ የተሠራው ነው። በዚያ ቀድሞ አንበሳ በመግደል ስም ያወጡ የነበሩ የማሳይ ጎልማሶች ደመወዝ ተቆርጦላቸው የአንበሳውን ዱካ ይከተላሉ፤ ለየአንበሳውም ስም አውጥተውለታል፤ ዛሬ በዚህ በኩል አለ እያሉ እረኞችን አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ፤ የላላ በረትም ያጠናክራሉ። የጨንቻው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ፥ «የኛ በረት ያን ጊዜ አንድ ሰው አይቶት ቢሆን ኖሮ...» አለና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

ስለ አዞ ሳንናገር ብንቀር አርባ ምንጮች ነን ማለት አይቻለንም። ኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ በሚገባበት አጠገብ ያለውን የአዞ ገበያ እንግዶቻችን ሁሉ በጀልባ ሄደው ያዩታል፤ ገበያተኞቹ ግን አዞዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አዞ ሰው መብላቱን ማንም ከኛ ይልቅ አያውቅም። በ2018 በዓባያ ዳር በጥምቀት ሥርዓት ላይ የነበሩ አንድ መጋቢ በአዞ ተወስደው መሞታቸው በዓለም ሁሉ ተሰምቷል፤ ስማቸው ያልተሰማላቸው ዓሣ አጥማጆችና ውሃ ቀጂዎች ግን ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ሂው ኮት የሚባሉ እንግሊዛዊ በ1961 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት የብዙ አዞዎችን ሆድ መርምረው፥ አዞ በልጅነቱ የሚበላው ሦስት አፅቄና እንቁራሪት፥ ሲጎለምስ ዓሣ፥ ሲያረጅ ትልልቅ እንስሳ መሆኑን አሳይተዋል። እንግዲህ አንድ አዞ በዕድሜው ውስጥ በየተራ የሦስት አውሬ ሥራ ይሠራል። በከተማችን ያለው የአዞ እርባታ ጣቢያ ደግሞ ከጫሞ ዳር የተሰበሰበውን እያሳደገ ቆዳውን ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ ነበር፤ የሐይቁ አዞ ካለቀ እሱም ያልቃል። ስለ አዞ ከዚህ የበለጠ ለማለት ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ያስፈልጋል፤ ሰዓቱም እየገፋ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሊቀ መንበሩ ድምፅ እንስጥ አለ። አንድ ጓደኛችን ኖኅ መርከቡን ሲሞላ አንበሳውን ውጭ አላስቀረውም ብሎ ለመጨረሻ ጊዜ ተናገረ፤ ሌላው ደግሞ የኖኅ አንበሳ በመርከቡ ውስጥ የማንን በግ እንደ በላ አልተጻፈም ሲል መለሰለት። ድምፁ ሳይሰጥ ቀረ። የማማዋ ጓደኛችን ናት ያስቀረችው፤ «እናንተ የመቀሌውን ቶን፥ የጋናውን ዝንጀሮ ታውቃላችሁ፤ የራሳችሁን ግን ማን ቆጥሮት ነው ድምፅ የምትሰጡት?» አለች። መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ አንድ ትልቅ ደብተር ገዝተን በሳይንስ ክፍሉ በር አጠገብ በሲባጎ ሰቀልነው። ሦስት ዓምድ አሰመርንበት። በአንደኛው የተነጠቀ ከብት፥ የነጠቀው አውሬና ወሩ ይጻፋል፤ በሁለተኛው ዝንጀሮ ወይም ከርከሮ ሲጠበቅ የዋለበት ቀንና ከትምህርት የቀረው ልጅ ይጻፋል፤ በሦስተኛው የሞተ ከብት ተጥሎ በስንት ሌሊት እንደ ተነሣና ማን እንዳነሣው ይጻፋል። የመጀመሪያውን መሥመር የሞላው የጨንቻው ጓደኛችን ነው፤ «ጊደር፥ አንድ፤ ጅብ፤ ነሐሴ» ብሎ ጻፈ። ከእሱ ቀጥሎ የማማዋ ጓደኛችን ሁለተኛውን ዓምድ ስትሞላ አንድ ገጽ አልበቃትም።

ዛሬ ከደጋም ከቆላም ወደ ግቢያችን የመጣችሁ ወላጆቻችን፥ ከምሳው በኋላ ከመሄዳችሁ በፊት በሳይንስ ክፍሉ በኩል እንድታልፉልን እንለምናችኋለን። መጻፍ የማይመቸው ቢኖር፥ አንድ ተማሪ እርሳስ ይዞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በዚያው ይቆያል።